የጃፓን ሰይፍ ጌጥ የሰላም ዘመን ቅንጦት ብቻ ነበርን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ጃፓን ሰይፍ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ሰው እየተቀባበለ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ስለ ስለቱ አሠራር፣ ማለትም ብረቱ እየታጠፈ ስለሚቀጠቀጥበትና በውኃ እየተነከረ ስለሚጠነክርበት መንገድ የሚናገረው የመጀመሪያው ክፍል በአመዛኙ ትክክል ስለሆነ አልነካውም። የምከራከረው ስለ ሰይፉ ጌጣጌጥ በተጻፈው በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፤ ጸሐፊው ስለቱን አድንቆ ሲያበቃ በስለቱ ዙሪያ ያለውን የአንጥረኛ ሥራ ሁሉ በጥቂት አንቀጾች አጣጥሎ አልፎታልና።

ለማያውቃቸው አንባቢ ዕቃዎቹን በአጭሩ ላስተዋውቅ። በእጀታውና በስለቱ መካከል የምትገባው፣ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ወይም ሞላላ የሆነች ጠፍጣፋ የእጅ መከለያ ጹባ ትባላለች፤ የጎን ስፋቷ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእጀታውን አፍ የሚያቅፈው ቀለበት ፉቺ፣ የእጀታውን ጫፍ የሚከድነው ቆብ ደግሞ ካሺራ ነው። ሜኑኪ የሚባሉት በእጀታው ግራና ቀኝ፣ ከመጠቅለያው ክር ሥር የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ ቅርጾች ናቸው። ኮዙካ በአፎቱ ጎን የምትሰካ የትንሽ ቢላዋ እጀታ ስትሆን፣ ኮጋይ በሌላው ጎን የሚሰካ የፀጉር ማስተካከያ ነው።

የጽሑፉን ክርክር ሳላጋንንና ሳላሳንስ ላቅርበው ብል እንደሚከተለው ነው። ጌጡ የመጣው የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1615 በኦሳካ ከበባ ካበቃ በኋላ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሳሙራዩ ከተዋጊነት ወደ ጸሐፊነት ሲወርድ ሰይፉም ወደ ጌጥነት ወረደ ይላል ጸሐፊው። ከዚህ ተነሥቶም መዳብ፣ ብርና ወርቅ ለስላሳ ማዕድናት ስለሆኑ በእነርሱ ያጌጠ ሰይፍ ለውጊያ የማይረባ ነው ሲል ይደመድማል። ሦስተኛው ነጥቡ ነጋዴዎች እንደ ውድ ነገር የሚያወሩለት፣ ሻኩዶ የተባለው ጥቁር ማዕድን በእውነቱ ጥቁር ቀለም የተቀባ መዳብ ነው የሚል ነው። በአራተኛ ደረጃ ሠሪዎቹ ከአባት ወደ ልጅ የወረዱ ሥዕሎችን የሚገለብጡ ሠራተኞች እንጂ የራሳቸው ሐሳብ ያላቸው ጠቢባን አልነበሩም ይላል። በመጨረሻም በ1876 ሰይፍ መታጠቅ ሲከለከል ሙያው ሞተ፣ ከዚያ በኋላ የተሠራው ሁሉ ለባዕዳን ጎብኚዎች የተዘጋጀ ሸቀጥ ነው ሲል ይፈርዳል።

የመጀመሪያው ነጥብ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስለት። ጸሐፊው የሰላም ዘመን ምልክት አድርጎ የሚያቀርበው ሥራ፣ ማለትም በጥቁር ሻኩዶ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ተመትቶበት በወርቅ ቅርጽ የሚያጌጠው ዓይነት፣ የጎቶ ቤተሰብ ሥራ ነው። የዚህ ቤት መሥራች ጎቶ ዩጆ በ1440 ተወልዶ በ1512 የሞተና የስምንተኛው የአሺካጋ ሾገን (ማለትም አገሪቱን የሚገዛ የጦር አለቃ) የዮሺማሳ አገልጋይ የነበረ ሰው ነው። ዩጆ በጎልማሳነቱ ያየው ዘመን ምን ይመስል እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። ከ1467 እስከ 1477 የተካሄደው የኦኒን ጦርነት ዋና ከተማውን ኪዮቶን አብዛኛውን አመድ ያደረገ ጦርነት ነበር፤ ከዚያም በኋላ አገሪቱ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል በመሳፍንት ግጭት ታምሳለች። እንግዲህ ጸሐፊው የጦርነት ማብቃት ውጤት ያለው ጌጥ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜና በተቃጠለችው ከተማ ውስጥ መልኩን ይዞ እናገኘዋለን።

ዩጆን የተኩት የጎቶ ሰዎችም የሠሩት ለሰላም ሰዎች አልነበረም። አምስተኛው የቤቱ አለቃ ጎቶ ቶኩጆ አገሪቱን በሰይፍ ለጠቀለለው ለቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ይሠራ ነበር፤ በ1588 ታላቁን የወርቅ ገንዘብ፣ ኦባን የሚባለውን፣ እንዲያዘጋጅ የታዘዘውም እርሱ ነው። የሂዴዮሺ እንደነበሩ የሚነገርላቸው ሁለት ሰይፎች ልባስ፣ ማለትም ከስለቱ በቀር ያለው እጀታ፣ አፎትና ጌጥ፣ ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል፤ አፎቶቹ ቀይ ቀለም የተቀቡና የወርቅ ጥምጥም ከላይ እስከ ታች የዞረባቸው ናቸው። ይህን የታጠቀ ሰው በጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ጸሐፊ አልነበረም። ሆሶካዋ ታዳኦኪም እንዲሁ ነው፤ በ1600 በሴኪጋሃራ የተዋጋ መስፍን ሆኖ ሳለ የሻይ ሥርዓትን ከታላቁ መምህር ከሴን ኖ ሪኪዩ የተማረና ስለ ሰይፍ ዕቃዎች መልክ የጠራ ምርጫ የነበረው ሰው ነው። በኋላ ቤተሰቡ በሰፈረበት በሂጎ አገር፣ በዛሬይቱ ኩማሞቶ፣ የበቀለው የአንጥረኞች ወገን ዛሬም ድረስ በምርጫው ቁጥብነት የሚታወቀው ከእርሱ በመነሣት ነው።

ወደ ኋላ እንራቅ ካልንም ማስረጃው አይጠፋም። በናራ በሚገኘው የካሱጋ ቤተ መቅደስ የሚጠበቅ አንድ የ12ኛው መቶ ዘመን ሰይፍ አለ፤ አፎቱ በወርቅ መደብ ላይ ከዛጎል በተቆረጡ ቅርጾች የተሠራ ሲሆን፣ በቀርከሃ መካከል ድንቢጦችን የምታድን ድመት ይታይበታል፤ መግጠሚያዎቹም የወርቅ ናቸው። ይህ የቤተ መንግሥት ሰይፍ ስለሆነ የጦር ሜዳ ምስክር አይሆንም ቢባል አልከራከርም። የሚያስረዳው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በጃፓን ያጌጠ ሰይፍ ከ1615 አምስት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነበር፣ ስለዚህ የጌጥን መኖር በጦርነት ማብቃት ማስረዳት አይቻልም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተውለት ነገር አለ። ከብረት የተሠሩት የጥንት ጹባዎች፣ በተለይም ስለት ሠሪዎችና ጥሩር ሠሪዎች ራሳቸው እንደሠሯቸው የሚነገርላቸው፣ በእርግጥ ቀላል ናቸው፤ ብዙዎቹ አንድ ሁለት ቅርጽ ብቻ የተፈለፈለባቸው ስስ ሰሌዳዎች ናቸው። ከ1615 በኋላም የአንጥረኞቹ ቁጥር፣ የሥራው ዓይነትና የጌጡ ብዛት በጣም ጨምሯል። ይሁን እንጂ በሰላም ዘመን አንድ ነገር በዛ ማለትና በሰላም ዘመን ተወለደ ማለት ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው፤ ጽሑፉ የመጀመሪያውን አስረድቶ ሁለተኛውን ያስረዳ ይመስለዋል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስንመጣ፣ ጸሐፊው ጹባን እንደ ጋሻ ቆጥሯታል። የጹባ ዋነኛ ተግባር የያዡ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ማገድና የሰይፉን ሚዛን ማስተካከል ነው፤ የጠላትን ምት መቀበል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ለእነዚህ ተግባራት አራት ወይም አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ቅይጥ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያም አልፎ በጃፓን ሰይፍ ላይ ለስላሳ ማዕድን ሆን ተብሎ የሚፈለግበት ቦታ አለ። በስለቱ ሥር ተገጥሞ ሰይፉን በአፎቱ ውስጥ አጥብቆ የሚይዘው ሃባኪ የተባለው አንገት ብዙ ጊዜ ከመዳብ የሚሠራው ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ስለቱን ይጎዳው ነበር። እጅግ በጦረኛ መልክ የተሠራ ሰይፍ እንኳ ይህን መዳብ አይተውም። ሜኑኪም ቢሆን መጠቅለያው ሥር ገብቶ መዳፍን የሚሞላ ጉብታ እንጂ ምት የሚያርፍበት ነገር አይደለም።

ያጌጠ ዕቃ አገልግሏል ወይስ አላገለገለም የሚለውን ጥያቄ ደግሞ በግምት መመለስ አያስፈልግም፤ ዕቃው ራሱ ይናገራል። አንድ ጹባ በእጃችን ይዘን መካከሏን ብንመለከት የስለቱ ግንድ የሚያልፍበት የሦስት ማዕዘን መልክ ያለው ቀዳዳ አለ። በዚህ ቀዳዳ ላይና ታች ጫፍ ብዙ ጊዜ ሴኪጋኔ የሚባሉ የመዳብ ቁራጮች ተሰክተው ይገኛሉ፤ ጹባዋ ከአንድ ስለት ወጥታ ወደ ሌላ በተሸጋገረች ቁጥር ቀዳዳውን ለአዲሱ ግንድ ለማስማማት የተጨመሩ ናቸው። በቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ በመሮ የተመታ ምልክት ይታያል፤ ብረቱ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ግንዱን እንዲያጣብቅ የተደረገበት ነው። በጎን ያሉት የኮዙካና የኮጋይ ማለፊያ ቀዳዳዎችም አንዳንድ ጊዜ በሻኩዶ ተደፍነው ይታያሉ፤ አዲሱ ባለቤት ያን ትንሽ ቢላዋ የማይፈልግ ነበር ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ምልክቶች በወርቅ ባጌጡ ጹባዎች ላይም ይገኛሉ። በተቃራኒው ቀዳዳቸው ከአንጥረኛው እጅ እንደወጣ ንጹሕ ሆኖ የቀረ፣ በሰይፍ ላይ ፈጽሞ ያልተገጠሙ ጹባዎችም አሉ፤ በተለይ በ19ኛው መቶ ዘመን ከተሠሩት መካከል ቅርጹ ከመጠን በላይ ጎልቶ ልብስ የሚይዝ የሚመስል አይጠፋም፤ በእነዚህ ላይ የጸሐፊው ፍርድ ልክ ነው። ስሕተቱ እነዚህን ይዞ በሁሉ ላይ መፍረዱ ነው።

አገልግሎት ማለት ውጊያ ብቻ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። በቶኩጋዋ ሾገኖች የሰላም ዘመን ሳሙራይ በኤዶ፣ በዛሬይቱ ቶኪዮ፣ ቤተ መንግሥት ለሥርዓት ሲቀርብ አፎቱ ጥቁር፣ ዕቃዎቹም ነጠብጣብ የተመታባቸው ሻኩዶ እንዲሆኑ ይጠበቅበት ነበር። ለአደባባይ የሚታጠቀው ልባስና ለመንገድ የሚታጠቀው ልባስ የተለያዩ ነበሩ፤ ስለቱ አንድ ሆኖ ልባሱ ሊቀያየር ይችል ነበር። እንግዲህ ባለሥልጣኑ በማዕረጉ የሚታወቅበት ነገር ሥራ ፈት ጌጥ ነው ማለት የማዕረግ ልብስም ልብስ አይደለም እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ እጅግ ደካማ ክፍል ነው፤ ሻኩዶ ቀለም የተቀባ መዳብ አይደለም። ሻኩዶ መዳብ ከጥቂት ወርቅ ጋር ቀልጦ የሚገኝ ቅይጥ ነው፤ የወርቁ መጠን በተለምዶ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። ከአንጥረኛው መሮ ሥር ሲወጣ ከተራ መዳብ እምብዛም አይለይም፤ ያው ቀይ ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው በመጨረሻው ሥራ ላይ ነው። ዕቃው በደቀቀ ከሰል ተወልውሎ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ ይወገዳል፤ ከዚያም ዳይኮን በተባለው የጃፓን ነጭ ሥር ፍቅፋቂ ተሸፍኖ ወዲያው ሮኩሾ በሚባል፣ ከመዳብ ዝገትና ከመዳብ ሰልፌት በተዘጋጀ የሞቀ ውኃ ውስጥ ይገባል። አንጥረኛው በመዳብ ድስት ውስጥ እያንቀሳቀሰው፣ እያወጣ እያየው፣ መልሶም እየነከረው ሳለ ቀዩ ገጽ ጠቁሮ በመጨረሻ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥልቅ ጥቁረት ይይዛል።

ይህ ቀለም እንዳልሆነ ለመረዳት የኬሚስትሪ ትምህርት አያስፈልግም፤ በአንድ ዕቃ ላይ ብዙ ማዕድናት ሲገኙ የሚሆነውን ማየት ይበቃል። አንድ ጹባ መደቧ ሻኩዶ፣ ከእርሷ ላይ የተገጠመው ዛፍ ንጹሕ መዳብ፣ ጨረቃዋ ብር፣ ደመናው ሺቡይቺ የሚባለው የመዳብና የብር ቅይጥ፣ አበባው ወርቅ ቢሆን፣ መላዋ በአንድ ጊዜ በአንድ ድስት ውስጥ ትገባለች። ስትወጣ ሻኩዶው ጠቁሯል፣ መዳቡ ወደ ቡናማ ቀይነት አዘንብሏል፣ ሺቡይቺው ግራጫ ሆኗል፤ ወርቁና ብሩ ግን መልካቸውን ይዘዋል። ቀለም ቢሆን ኖሮ ሁሉንም አንድ ባደረጋቸው ነበር። ቀለሙን የሚወስነው ድስቱ ሳይሆን አንጥረኛው ከብዙ ጊዜ በፊት በቅይጡ ውስጥ የጨመረው ነገር ነው፤ ስለዚህ ሥዕሉን በቀለም የሚያስበው ገና ማዕድኑን ሲያቀልጥ ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የሚያስደንቅ ነገር አላገኘሁም።

ጸሐፊው ጥቁረቱ ገጽ ላይ ብቻ ነው ማለቱ እውነት ነው፤ እጅግ ስስ ሽፋን ስለሆነ በግዴለሽነት የፈተገው ሰው ቀዩን መዳብ ያገኛል። ሽፋኑ ግን ከውጭ የተለጠፈ ሳይሆን ከራሱ ከቅይጡ የበቀለ የመዳብ ኦክሳይድ ነው፤ በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች ናቸው ጥቁር የሚያደርጉት። ወርቅ የሌለበት መዳብ በዚያው ውኃ ውስጥ ቢነከር ይህን መልክ አያገኝም። ምሥጢር ነው መባሉም የተጋነነ ነው። በኦሳካ በነበረው የመንግሥት ገንዘብ ማምረቻ ከ1872 ጀምሮ ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊው ዊልያም ጎውላንድ ስለ ጃፓን ቅይጦች በዝርዝር ጽፏል፤ ዛሬም ሻኩዶ የሚሠሩ አንጥረኞች በጃፓንም ከጃፓን ውጭም አሉ።

ሠሪዎቹ ገልባጮች ነበሩ የሚለው አራተኛው ነጥብ ግማሽ እውነት አለው። የጎቶ ዋና ቤት ለ17 ትውልድ የዘለቀ ሲሆን፣ ዘንዶና አንበሳ ደጋግሞ መሥራቱ አይካድም፤ ደንበኞቹ ሾገኑና መሳፍንቱ ስለነበሩ የሚፈለግበትም ያንኑ የተከበረ መልክ መጠበቅ ነበር። የታወቁ ስሞች በሐሰት የተቀረጹባቸው ዕቃዎች ብዛትም የሚያሳፍር ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው የጎቶን ቤት አይቶ ከበሩ የወጡትን አላየም። ከ1670 እስከ 1733 የኖረው ዮኮያ ሶሚን ቤተሰቡ ለሾገኑ የሚሠራበትን ቀለብ ትቶ የኤዶ ከተማ ሰዎች አንጥረኛ ሆነ። የእርሱ ስም የሚነሣበት የአቀራረጽ ስልት ካታኪሪ ይባላል፤ መሮው አጋድሞ ስለሚሄድ የመስመሩ አንዱ ወገን በቁሙ ጠልቆ ሲቆረጥ ሌላው ወገን በቀስታ ይሸሻል፤ መስመሩም እንደ ብሩሽ ምት ይወፍራል፣ ይቀጥናል። እንዲህ ያለ መስመር ተሳስቶ ከተቆረጠ አይታረምም። ሶሚን የዘመኑን ሠዓሊ የሃናቡሳ ኢትቾን ሥዕሎች ወደ ማዕድን ማምጣቱም ይታወቃል፤ ይህን ግልበጣ የሚል ካለ በብሩሽ የተሳለውን ሦስት ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ብረት ላይ በመሮ ይሞክረው።

በዚያው ዘመን ናራ የተባለው የአንጥረኞች ወገን ሦስቱ ሊቃውንት፣ ቶሺናጋ፣ ጆኢና ያሱቺካ፣ እያንዳንዳቸው በሌላው የማይሳሳት እጅ ነበራቸው። ጆኢ ቅርጹን ከመደቡ በታች አስምጦ የመሥራት ስልት ሲወድ፣ ከሰሜን ከሾናይ ወደ ኤዶ የመጣው ያሱቺካ በማዕድናቱ ቀለምና በባዶ ቦታ አጠቃቀሙ ይታወቃል። ከእነርሱም በፊት ካኔይኤ በብረት ጹባ ላይ ተራራና ውኃ፣ ዓሣ አጥማጅና ጀልባ እንደ ሥዕል አስቀምጧል።

ተደጋጋሚ የሚባለው ሥራ ራሱም ቢሆን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ናናኮ የሚባለው፣ ትርጉሙ የዓሣ ዕንቁላል የሆነው ነጠብጣብ፣ ጫፉ ጎድጎድ ባለ መምቻ አንድ በአንድ ይመታል፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ሲሆን ረድፉ ግን ጹባዋን ሙሉ ቀጥ ብሎ ወይም ጠርዟን ተከትሎ ይሄዳል። ሠሪው ቀጣዩን ቦታ የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በአብዛኛው መምቻው የቀደመውን ነጠብጣብ ጠርዝ ሲነካ በጣቱ በሚሰማው ስሜት ነው። አንዱ ምት ቢጠልቅ ብርሃን ሲያርፍበት ወዲያው ይታያል። ለዚህ ብቻ የሚኖሩ ባለሙያዎች እንደነበሩ ስንሰማ አይገርመንም።

የቀረው የ1876 ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት በመጋቢት 28 የወጣው አዋጅ ከመኮንኖች፣ ከፖሊሶችና በሥርዓት ልብስ ካሉ ባለሥልጣናት በቀር ማንም በአደባባይ ሰይፍ እንዳይታጠቅ ከለከለ። ብዙ አንጥረኞች እንጀራቸውን አጡ፤ ብዙ ዕቃዎችም ከስለታቸው ተነቅለው በርካሽ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ተሸጡ፤ የቦስተን ሥነ ጥበባት ሙዚየም የዊልያም ስተርጂስ ቢግሎው ስብስብን የመሰሉ ትላልቅ ክምችቶች የተገኙት በዚያ ዘመን ነው። እንዲያውም ጸሐፊው ቢያውቀው ኖሮ የሚጠቀምበትን አንድ ነገር ልጨምርለት፤ የጎቶ ቤተሰብ የመጨረሻው ታላቅ ሠሪ ጎቶ ኢቺጆ የሞተው በዚያው በ1876 ነው። ለውጭ ገበያ በጥድፊያ የተሠራ ሸቀጥም በእርግጥ ሞልቷል።

ሙያው ሞተ ለማለት ግን ካኖ ናትሱኦን መዝለል ያስፈልጋል። በ1828 በኪዮቶ የተወለደው ናትሱኦ የሰይፍ ዕቃ አንጥረኛ ሆኖ ስሙን ካስጠራ በኋላ አዲሱ የሜይጂ መንግሥት ለሚያወጣቸው ሳንቲሞች ንድፉን እንዲቀርጽ ተመረጠ፤ ጹባ ሲቀርጽ የኖረ እጅ የአንድን መንግሥት ገንዘብ ሠራ ማለት ነው። ሱይርዩከን ለተባለው የንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ሰይፍም ልባስ የሠራው እርሱ ነው። በ1890 በቶኪዮ የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት የማዕድን ቅርጽ መምህር ሆነ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ጠቢብ ተብሎም ተሾመ፤ በ1898 እስኪሞት ድረስ አስተማረ። በዚያው በ1890 ከሚቶ የመጣው ኡኖ ሾሚን፣ እርሱም በሰይፍ ዕቃ ሥራ የሠለጠነ፣ የቤተ መንግሥት ጭፈራ የሚጨፍረውን የራንርዮኦን ሐውልት በቶኪዮው የኢንዱስትሪ ትርኢት ላይ አቀረበ፤ በልብሱ ላይ ያለው የማዕድን ገጠማ ሁሉ ከሰይፍ ዕቃ የተወሰደ ጥበብ ነው። ይህ ለጎብኚ የተሠራ ማስታወሻ ሳይሆን ንጉሠ ነገሥታዊው ቤተሰብ ለራሱ ያስቀረው ሥራ ነው። ሾሚንም በትምህርት ቤቱ አስተማረ፤ ልጁ ኡኖ ኪዮሺ የአባቱን ሙያ ይዞ በ1955፣ ከአዋጁ 79 ዓመት በኋላ፣ በማዕድን ቅርጽ የአገሩ ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተሰይሟል።